201 ቤዝ በአንድ ዓመት፦ ሶፊ ኩሪስ እንዴት ሰረቀቻቸው?

(ምስል፦ አጭር ቀሚስ የለበሱ የቤዝቦል ተጫዋቾች፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ1946 የራሲን ቤልስ ቡድን ተጫዋች ሶፊ ኩሪስ ቤዝ ለመስረቅ 203 ጊዜ ሮጣ 201 ጊዜ ተሳካላት። የተያዘችው ሁለቴ ብቻ ነው! ደመወዝ ይከፈልበት በነበረው የአሜሪካ የሴቶች ቤዝቦል ሊግ ውስጥ እሷን የሚስተካከል አልነበረም።

ቤዝ ማለት ሯጯ በተራ መርገጥ ያለባት የሜዳው ማዕዘን ነው፤ አራቱንም ዞራ መነሻው ላይ ከገባች ነጥብ ይቆጠራል። ቤዝ መስረቅ ማለት ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ መሮጥ ነው። ከመቺዋ ጀርባ ያለችው ተቀባይ ኳሱን ይዛ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ትወረውራለች። ሯጯ ቤዙን ሳትረግጥ በኳሱ ከተነካች ትወጣለች።

(ምስል፦ የሜዳው ንድፍ)

«ሜዳው ትንሽ ስለነበር ነው» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ በዚያ ዓመት ከቤዝ እስከ ቤዝ 72 ጫማ፣ ማለትም 22 ሜትር ገደማ ነበር፤ የወንዶቹ 90 ጫማ ነው። ግን የተቀባይዋም ውርወራ ከ39 ሜትር ወደ 31 አጥሯል። ሯጯን ይበልጥ የሚጠቅማት ኳሱ ነው፤ ዙሪያው 11 ኢንች፣ ከወንዶቹ ኳስ የሚበልጥ ስለሆነ ቶሎ ጨብጦ አጥብቆ መወርወር ያስቸግራል። ያም ቢሆን ሜዳውም ኳሱም ለሁሉም እኩል ነበር።

ለመስረቅ መጀመሪያ ቤዝ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። መጥፎ ውርወራ ሲበዛ መቺዋ በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ ትሄዳለች፤ ኩሪስም እነዚህን በትዕግሥት እያሳለፈች በዚያ ዓመት 93 ጊዜ ያለ ምት አንደኛ ቤዝ ደርሳለች።

ከዚያ ከቤዙ ጥቂት እርምጃ ወጣ ብሎ፣ ጉልበት አጠፍ አድርጎ፣ ክብደትን በእግር ጣቶች ላይ ማሳረፍ ነው። ተረከዝ ላይ የቆመች ሯጭ ዘግይታ ትነሳለች። ዓይን ከወርዋሪዋ አይነቀልም፤ ወደ መቺዋ መወርወር ከጀመረች መሮጥ፣ ወደ አንደኛ ቤዝ ከዞረች መመለስ። የቸኮለች መሃል ላይ ትያዛለች።

መጨረሻው መንሸራተት ነው፤ አንዱ እግር ታጥፎ ሌላው ተዘርግቶ፣ በጭንና በመቀመጫ። ቀድሞ የወደቀ ቤዙ ጋ ሳይደርስ ይቆማል፤ የዘገየ አልፎት ይሄዳል። ሊጉ ግን ተጫዋቾቹን ያሰለፈው በአጭር ቀሚስ ነው። አሸዋው የጭን ቆዳቸውን ይልጠዋል፤ ቁስሉም ሳይጠግግ የሚቀጥለው ጨዋታ ይደርሳል። ያ ደንብ ለተመልካች ዓይን እንጂ ለተጫዋቾቹ አካል አልታሰበም።

(ምስል፦ የ1946 ፍጻሜ)

በፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ከሮክፎርድ ፒችስ ቡድን ጋር እስከ 14ኛው ዙር 0 ለ 0 ነበሩ። ኩሪስ መትታ አንደኛ ቤዝ ደረሰች፣ ሁለተኛውን ሰረቀች። ወደ ሦስተኛው ስትሮጥ የቡድን ጓደኛዋ ቤቲ ትሬዛ ኳሱን ወደ ቀኝ መታች፤ ኩሪስ ሳትቆም ሮጣ፣ ተንሸራታ መነሻው ቤዝ ላይ ገባች። ራሲን 1 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፤ እሷም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለች። ከሊጉ ስትወጣ በጠቅላላ የሰረቀችው ቤዝ 1,114 ደርሶ ነበር።