«ገባችሁ?» «ገብቶናል!»

ክብርት ርዕሰ መምህርት፣ የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ ባልደረቦቼ፣ ከኋላ በሩ ላይ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ተማሪዎች (ግቡ እንጂ፣ ወንበር አለ)፣ እንደምን ዋላችሁ።

ምስጉን መምህር ተብለሃልና አምስት ደቂቃ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። የምስጋናውን ቶሎ ልጨርሰው። አመሰግናለሁ። ምስክር ወረቀቱ ያምራል፣ ስሜም ዘንድሮ ሳይሳሳት ተጽፏል። አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ይሄ ወረቀት እንዴት እንደሚገኝ እናውቃለን። የምዘና ፎርም አለ፣ ፎርሙ ውስጥ ደግሞ ተማሪው ለመምህሩ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት ቦታ አለ። ጥሩ ነገር ነው፣ ከተሞላ። ድሮ ያስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ ፎርሙን የሚሞሉት ከየክፍሉ አምስት ልጆች ነበሩ። አለቃው፣ ምክትሉ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት። የት? ቢሮ ውስጥ፣ መምህራን እየገቡ እየወጡ። አንድ ቀን እኔም ፊርማ ልፈርም ገባሁ። አንዱ ልጅ ስሜ ትይዩ 3 ላይ እስክሪብቶውን አሳርፏል። ቀና ብሎ አየኝ። እስክሪብቶው ቀስ ብሎ ወደ 5 ተራመደ። እኔ ፈገግ አልኩ፣ እሱም ፈገግ አለ፣ ተግባባን። ያቺን 5 እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የዛሬዋም ምስክር ወረቀት የእሷ ዘመድ ትመስለኛለች።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት የተነገረ ሰሞን ታስታውሳላችሁ መቼም። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። ሻይ ክበብ ቁጭ ብለን እርስ በርስ መተያየት አቃተን። የሚቀጥለው ዓመት 3.2 ሆነ። ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። እየወጣ ነው፣ አልክድም። ያን ሰሞን ግን ያልተናገረ ሰው ነበር? ሚኒስትሩ ተናገሩ፣ ፓርላማው ተናገረ፣ ሬዲዮው ተናገረ፣ የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር ተናገረ። ፖሊሲው ነው፣ ኩረጃው ነው፣ ስልኩ ነው፣ መምህሩ ነው። ነጥቡ ያልመጣለትን ልጅ ጠርቶ «አንተ፣ ለመሆኑ ክፍል ውስጥ ምን ነበር የሚካሄደው?» ያለ ሰው ግን እኔ አልሰማሁም። እኛ እኮ አንድ ፔሬድ አስተምረን እንወጣለን፣ እሱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ቁጭ ብሎ እኛን ሁላችንንም በየተራ ያየናል፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ። ከእሱ የበለጠ ሱፐርቫይዘር ከየት ይምጣ?

እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ብዙዎቻችሁ የፕላዝማ ልጆች ናችሁ፣ ታላላቆቻችን ደግሞ የፕላዝማ ሪሞት ያዦች ነበራችሁ፣ ይቅርታ። በ1997 ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ያ ትልቅ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ተቆልፎ ጠበቀን። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ። መምህራችን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፣ መሃሉ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው የሰውየው ነው። ሰውየው ጥያቄ ያወጣና ሥሩ ይለናል። እኛ ገና ጥያቄውን ወደ ደብተር እየገለበጥን፣ ገና እስክሪብቶ እየተዋዋስን፣ ሰውየው ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ!» ይላል። ለማን ነው ቬሪ ጉድ? አንድ ሰው አልሠራም!

አንድ ቀን ከኋላ የሚቀመጥ ጓደኛችን እጁን አወጣ። ለቴሌቪዥኑ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህራችንም ሳቀ። ልጁ ግን እጁን አላወረደም። «ጥያቄ አለኝ» አለ፣ ኮስተር ብሎ። ሰውየው ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፈ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ዛሬ ሳስበው ልጁ የምሩን ነበር። መብራት ሲጠፋ ግን ደስ ይለን ነበር፣ የእኛው መምህር ጠመኔ አንስቶ ያስተምረናላ። ፓይታጎረስን ያወቅኩት መብራት በጠፋ ቀን ነው።

እሺ፣ ፕላዝማው ዝም ብሏል፣ ስንት ክፍል ውስጥ የቀረው ብረቱ ነው። ታዲያ ዛሬ «ገባችሁ?» ብሎ መልሱን ሳይጠብቅ ቦርዱን የሚያጠፋው ማነው? እኛ ነን። ፕላዝማው እንኳ ያልሰማን ጆሮ ስላልነበረው ነው! እኛስ?

እኔን ራሴን ልንገራችሁ። ታኅሣሥ ላይ አንዱን 11ኛ ክፍል፣ 64 ልጆች ናቸው፣ አንድ አንድ ሉክ ለአራት ቅደዱ አልኳቸው። ስም እንዳትጽፉ። ፊደሌን ያውቀዋል የምትሉ በግራ እጃችሁ ጻፉ። ጥያቄው አንድ ነው፣ እኔ ሳስተምር ምኑ ያስቸግራችኋል? እኔ ውጭ እቆማለሁ፣ አለቃው በፌስታል ይሰብስብ። ፌስታሉን ቤት ይዤ ሄድኩ፣ እራት በላሁ፣ ከዚያ ከፈትኩት። እራቱን ማስቀደሜ ጠቅሞኛል።

አንዱ እንዲህ ይላል፣ «ቲቸር፣ በእንግሊዝኛ ያስተምሩናል፣ በአማርኛ ይቆጡናል። ቁጣው በደንብ ይገባናል።» ሌላው፣ «ሰኞ ጎበዝ ነዎት። ዓርብ ግን እኛም እርስዎም ደወሉን ነው የምንጠብቀው።» ሌላዋ፣ «ኖቱን ከቴሌግራም አውርጄዋለሁ። እርስዎን የምፈልግዎት ኖቱ ላይ ለሌለው ነው።» ይቺኛዋን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌያታለሁ። ደግሞ አለ፣ «ላብራቶሪውን ሦስት ዓመት በመስኮት ነው ያየሁት። ውስጥ አጽም አለ።»

ከዚያ ይቺ መጣች። ላንብባት። «አንድ ቀን ገባችሁ ሲሉ አንዷ አልገባኝም አለች። እርስዎ፣ አንቺ ደግሞ መቼ ገብቶሽ ያውቃል አሏት። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁላችንም ይገባናል።»

ይሄ እንግዲህ ለምስጉኑ መምህር የተጻፈ ነው። ቀኑን ላስታውስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ልጅቷንም አላስታወስኳትም። እኔ ለቀልድ ጥያት ያለፍኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር 64 ልጅ አፍ ላይ ስታስር ከረመች። ለካ ያ «ገብቶናል!» የሚሉት ኅብረ ዝማሬ እኔን ለመሸኘት የሚዜም ኖሯል።

ልጆች ምን ያውቃሉ፣ የሚወዱት ፈተና የሚያቀልላቸውን ነው ትሉኝ ይሆናል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ፈተናው ይቅለል ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱንም በፊደሉ አውቀዋለሁ። ደሞዙስ? ትላላችሁ። ደሞዙን ለእኔ አትንገሩኝ፣ እኔም የምበላው ከዚያችው ነው፣ ኪራይ ተከፍሎ የምትተርፈውን አብረን ነው የምንቆጥራት። ክፍሉ ታጭቋል፣ መጽሐፉ ለሦስት ነው፣ ሁሉም እውነት ነው። ግን ልጅቷን «መቼ ገብቶሽ ያውቃል» ለማለት የደሞዝ ማነስ ምን አገባው? የትኛው ሚኒስትር ነው በል ያለኝ?

እዚህ ጋ እንደምታጉረመርሙ አውቃለሁ፣ ግን ልበለው። ጠዋት ክፍል ውስጥ ምዕራፉን በሃያ ደቂቃ ጠቅልሎ፣ ማታ ቤት ለቤት ሄዶ ያንኑ ምዕራፍ ቁጭ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ በምሳሌ፣ አልገባኝም ሲባል እንደገና የሚያስረዳ ሰው መካከላችን አለ። የሠራውን ቢከፈለው አልቃወምም። ግን ልጆቹ ያውቃሉ። አንዱ ወረቀት ላይ «ማታ ጎበዝ ናቸው» ብለው ጽፈዋል። ስም አላነሳም። ያ የማታው ሰውዬ ጠዋት የት ነበር? የመክፈል አቅም የሌላትስ ልጅ የማታውን ሰውዬ መቼ ነው የምታገኘው? ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሪሚዲያል የሚማሩት እኮ እኛ «ገባችሁ?» ብለን ያለፍነውን ነው።

ሰዓቴ እያለቀ ነው መሰለኝ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን ማየት ጀምረዋል። ወላጆችን በተመለከተ አንድ ነገር፣ ልጃችሁን ማታ ስንት አመጣህ ከማለታችሁ በፊት ዛሬ ምን ጠየቅክ በሉት። ርዕሰ መምህርትን የምለምነው ደግሞ ያንን ፎርም ከቢሮ አውጡት። ሁሉም ልጅ ይሙላው፣ ያለ ስም፣ እኛ በሌለንበት፣ ከነጥብና ከዕድገት ጋርም አይያያዝ። የሚፈራ መምህር ካለ ከእኔ ይጀመር።

የእኔን ወረቀቶች ከነፌስታሉ ይዣቸዋለሁ። ማየት የሚፈልግ ሰው ቡናው ሲቀርብ ይምጣ፣ ስድቡንም አላወጣሁለትም።

ሌላ ደግሞ፣ የላብራቶሪውን ቁልፍ ነገር። አራት ሰው ጠይቄያለሁ፣ አራቱም እከሌ ጋ ነው ይሉኛል። እከሌ ከቡናው በኋላ ቢያነጋግረኝ፣ ለሰኞ እፈልገው ነበር።