ሲጋራ ሳያጨሱ የሳንባ ካንሰር፦ ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎችና የሐኪም መልስ

በዚህ የጤና ክፍለ ጊዜ ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች በስልክ የደረሱንን ጥያቄዎች ለሳንባና ለመተንፈሻ አካላት ሕመሞች ሐኪም አቅርበናል። አብዛኞቹ ደዋዮች የጠየቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነበር፤ የሳንባ ካንሰር ገና በወጣትነታቸው፣ አንዳንዴም ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ ሰዎችን የሚይዘው ለምንድን ነው?

አድማጭ፣ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አብሮኝ የሚያስተምር የ34 ዓመት ባልደረባዬ የሳንባ ካንሰር እንዳለበት ተነግሮታል። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፤ ስፖርት የሚሠራ ሰው ነው። በሽታው አሁን አሁን ወጣቶችን እየያዘ ነው የሚባለው እውነት ነው? ምክንያቱስ ምንድን ነው?

ሐኪሙ፦ ለባልደረባዎ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክለት። «ወጣት ታማሚ በዝቷል» ማለትና «አንድ ወጣት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ጨምሯል» ማለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ ጥያቄዎን ከፍዬ ብመልሰው ይሻላል። የሳንባ ካንሰር ዛሬም በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሰዎች በሽታ ነው። በአሜሪካ በሽታው የሚገኝባቸው ሰዎች አማካይ ዕድሜ 70 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከ45 ዓመት በታች የሆኑት ጥቂት ናቸው። በእኛ አገር ግን ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ዕድሜው ከ20 ዓመት በታች ነው፤ አረጋውያን ከሕዝቡ ያላቸው ድርሻ አነስተኛ በሆነበት አገር በካንሰር ክፍል ወረፋ የሚጠብቀው ታማሚም በአውሮፓ ካለው በዕድሜ ማነሱ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ አንድ ሐኪም «የማያቸው ታማሚዎች ወጣቶች ናቸው» ቢል እውነቱን ነው፤ ከዚህ ብቻ ተነሥቶ በሽታው ወደ ወጣቶች ዞሯል ብሎ መደምደም ግን አይቻልም።

እንዲህ ስል ምንም አልተለወጠም ማለቴ አይደለም። የተለወጠው በበሽታው የሚያዘው ሰው ማንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 54 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ የሳንባ ካንሰር በሁለቱም ጾታዎች እየቀነሰ ቢሆንም በወንዶቹ ላይ በፍጥነት በመቀነሱ፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተወለዱ ነጮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ዘንድ የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ መብለጡን አሳይቷል። የማጨስ ልማድ ልዩነት ይህን ሙሉ በሙሉ ሊያስረዳው አልቻለም። በሌላ በኩል፣ አጫሾች እየቀነሱ በሄዱባቸው አገሮች ከታማሚዎች መካከል አጭሰው የማያውቁት ድርሻ እየጎላ መጥቷል። በእነዚህ ሰዎች ላይ በብዛት የሚገኘው አዴኖካርሲኖማ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከሳንባው ዳርቻ የሚነሣ ዓይነት ሲሆን፣ ዳር ላይ በመሆኑም እስኪያድግ ድረስ ሳል ላያስከትል ይችላል።

በወጣቶች ላይ የሚገኘው ካንሰር በሕዋሱ ውስጥም የተለየ ጠባይ አለው። የከባድ አጫሽ ካንሰር ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ የዘረመል ጉዳት ውጤት ሲሆን፣ በወጣቱ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዘረመል ብቻውን ተለውጦ ሕዋሱን ያለማቋረጥ እንዲራባ ሲያዘው እናገኛለን። ከእነዚህ ዋነኞቹ ኢጂኤፍአርና ኤኤልኬ የሚባሉት ናቸው። የኤኤልኬ ለውጥ ከጠቅላላው ታማሚ ከመቶ ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ብቻ የሚገኝ ቢሆንም፣ በወጣቶችና አጭሰው በማያውቁት ላይ ግን ድርሻው ከፍ ይላል።

ለውጡን ምን እንደሚያነሣሣው በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በለንደን የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ያወጣውን ግኝት እኔ ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። የኢጂኤፍአር ለውጥ ያለባቸው ሕዋሳት በጤነኛ ሰው ሳንባ ውስጥም ተኝተው ይገኛሉ። ከጭስና ከተሽከርካሪ የሚወጣው፣ በዓይን የማይታየው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ብግነት፣ ማለትም የሳንባ መቆጣት፣ ያስነሣል፤ ብግነቱም የተኙትን ሕዋሳት ይቀሰቅሳቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012፣ የተበከለ የውጭ አየርን ደግሞ በ2013 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧቸዋል። ከአለት የሚወጣው ራዶን የተባለ ጋዝ፣ በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት፣ የሌሎች ሰዎች የሲጋራ ጭስ፣ የቲቢ ጠባሳና ኤችአይቪም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የባልደረባዎ ሕመም ከእነዚህ ከየትኛው እንደመጣ ግን ማንም ሐኪም በእርግጠኝነት ሊነግረው አይችልም፤ እርሱም «ምን አጥፍቼ ነው» እያለ ራሱን እንዲወቅስ አይፍቀዱለት። ይልቅ ሐኪሙን «ከዕጢዬ በተወሰደው ናሙና ላይ የዘረመል ምርመራ ተሠርቷል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ ይንገሩት። ለኢጂኤፍአርና ለኤኤልኬ በአፍ የሚወሰዱ፣ ለውጡን ለይተው የሚያጠቁ መድኃኒቶች አሉ፤ ከተለመደው ኬሞቴራፒ ይልቅ በሽታውን ለረጅም ጊዜ ይገታሉ። ዋጋቸው ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አለመሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ሳይመረመሩ መቅረት ከዋጋው በፊት በሩን መዝጋት ነው።

አድማጭ፣ የቤት እመቤት፣ ከመንዝ መሐል ሜዳ፦ ዶክተር፣ እኛ አገር ማገዶው ኩበት ነው። ብርዱን ስለማንችለው በር ዘግተን ነው የምንጋግረው። እኔስ አርጅቻለሁ፤ ልጆቼ ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጭስ ውስጥ ናቸው። ይህ ጭስ ካንሰር ያመጣባቸዋል?

ሐኪሙ፦ እናቴ፣ ዛሬ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አገራችንን በይበልጥ የሚነካው የእርስዎ ነው። የድንጋይ ከሰልን በቤት ውስጥ ማንደድ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። የእንጨትና የመሰል ማገዶ ጭስ ደግሞ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ተመድቧል፤ ማስረጃው ጠንካራ ቢሆንም እንደ ሲጋራው ያለቀለት አይደለም። ኩበት እኩል ሙቀት ለመስጠት ከደረቅ እንጨት የበለጠ ብናኝ ስለሚያወጣ፣ በእርስዎ ማድ ቤት ያለው ጭስ ከብዙ ቦታ የከፋ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ጭሱ ከካንሰር አስቀድሞ የሚያደርሰው ጉዳትም አለ፤ ሕፃናትን ለሳንባ ምች፣ እናቶችን ለማያቋርጥ ሳልና ለትንፋሽ ማጠር ይዳርጋል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ለ3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል።

ከቻይና አንድ ምሳሌ ልንገርዎት። ዩናን በሚባለው ክፍለ ሀገር ሹዋንዌይ የተባለ አውራጃ አለ። ሴቶቹ ሲጋራ የማያጨሱ ሆነው ሳለ በሳንባ ካንሰር ከሚሞቱባቸው የዓለም ቦታዎች ቀዳሚው ነበር፤ ምክንያቱም ጭስ የሚበዛውን የድንጋይ ከሰል መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ ያነዱ ስለነበር ነው። በኋላ ምድጃቸው ላይ የጭስ ማውጫ የሠሩ ቤተሰቦች ከዓመታት በኋላ ሲጠኑ፣ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ወደ ግማሽ ተጠግቶ ቀንሶ ተገኘ። ማገዶው ከእርስዎ ይለያል፤ ጭሱን ከቤት ማስወጣት እንደሚጠቅም ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ምርጥ የተባለውን የእንጀራ ምድጃ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጠይቋት፤ ማገዶም ይቆጥባል። ማድ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ቢለይ፣ ከጣሪያው ሥር ጭስ መውጫ ቢከፈት፣ ኩበቱ በደንብ ቢደርቅ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ምጣድ ላይ ባትቆም እያንዳንዱ ለውጥ ያመጣል። መብራት የገባለት ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ከቻለ ከሁሉም ይበልጣል። ከካንሰር ጋር ባይያያዝም አንድ ነገር ልጨምር፦ ማታ ለሙቀት ብላችሁ ፍም ከሰል ወደ መኝታ ቤት አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ በአንድ ሌሊት ቤተሰብ ይጨርሳል።

አድማጭ፣ የመኪና ረዳት፣ ከሸዋ ሮቢት፦ እኔ በየቀኑ አላጨስም፤ ጫት ስቅም ብቻ ነው ሲጋራ የምይዘው። አንዳንዴ ከጓደኞቼ ጋር ሺሻ አለ። 26 ዓመቴ ነው። ያን ያህል ያሰጋኛል?

ሐኪሙ፦ ወንድሜ፣ ያሰጋሃል። አጫሽ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከማያጨሰው ከ15 እስከ 30 እጥፍ ይደርሳል፤ ከመጠኑ ይልቅ የዓመቱ ርዝመት ስለሚከብድ በ20ዎቹ ዕድሜ የተጀመረ «ጥቂት» ሲጋራ በ50 ዓመት ብዙ ይሆናል። የምትቅምበት ክፍል የተዘጋ ከሆነ ያንተን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ጭስ ትስባለህ። ሺሻው በውኃ ውስጥ ማለፉ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም፤ በአንድ ቁጭታ ወደ ሳንባ የሚገባው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሺሻም ሆነ የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራ መሸጥ፣ ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው ትምባሆ መስጠት ክልክል መሆኑንም አስታውስ። የምሥራቹ ገና 26 ዓመትህ መሆኑ ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው ከ10 ዓመት በኋላ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ ማጨሱን ከቀጠለው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በአንተ ዕድሜ ያቆመ ደግሞ አብዛኛውን አደጋ ያመልጣል። ሲጋራውን የሚጠራው ጫቱ ስለሆነ፣ ጫቱን ሳትነካ ሲጋራውን ብቻ ለማቆም መሞከር ብዙ ሰው ሲቸገርበት አያለሁ።

አድማጭ፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ ከደብረ ብርሃን፦ ኮብልስቶን ስንጠርብ አቧራው አፍንጫችንን ይሞላዋል። ይህስ?

ሐኪሙ፦ የድንጋይ አቧራ ጉዳት የሚወሰነው በድንጋዩ ዓይነት ነው። ሲሊካ የተባለው ማዕድን ያለበት ደቃቅ አቧራ ካንሰር አምጪ ነው። እንደ አሸዋ ድንጋይና ግራናይት ያሉት ሲሊካ ይበዛባቸዋል፤ ለኮብልስቶን የሚጠረበው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ከሆነ ግን ያለው አነስተኛ ነው። ሆኖም የየካባው ድንጋይ ስለሚለያይ ተማምኖ መቀመጥ አይገባም፤ ሲሊካ ቲቢንም ያባብሳል። ድንጋዩን እያረጠባችሁ ጥረቡ፣ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ፣ ለአቧራ የተሠራ ጭምብል ፈልጉ። በነጠላ ወይም በሻሽ አፍን መሸፈን ደቃቁን አቧራ አያስቀርም።

አድማጭ፣ ከደብረ ሲና፦ አባቴ በሳንባ ካንሰር ነው ያረፈው። እኔ 31 ዓመቴ ነው፤ አንድም ሕመም የለብኝም። በየዓመቱ ራጅ ልነሣ?

ሐኪሙ፦ አያስፈልግዎትም። ወላጁ ወይም ወንድሙ በበሽታው የተያዘ ሰው ተጋላጭነቱ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ሆኖም በእርስዎ ዕድሜ ያለው መነሻ ስጋት በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ከፍ ብሎም ትንሽ ነው። ራጅ ትናንሽ ዕጢዎችን ስለሚስት ለቅድመ ምርመራ አይመከርም። በአሜሪካ በዝቅተኛ ጨረር የሚሠራ ሲቲ ስካን በየዓመቱ የሚመከረው ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ለሆነና ለረጅም ዓመታት ላጨሱ ሰዎች ነው። ለወጣት ጤነኛ ሰው ጨረሩና የሐሰት ማስደንገጫው ከጥቅሙ ይበልጣል። ከቤተሰባችሁ ሌላም ሰው በወጣትነቱ በካንሰር ተይዞ ከሆነ ግን ለሐኪም ይንገሩ።

አድማጭ፣ ከአንኮበር፦ ወንድሜ 38 ዓመቱ ነው። ሳል ይዞት አክታው ሲመረመር ምንም አልተገኘም፤ በራጁ ብቻ ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ከጀመረ አራት ወር ሆነው። አልተሻለውም፤ ከስቷል፣ ትከሻውን ያመዋል፣ ድምፁም ጎርንኗል። መድኃኒቱ እስኪያልቅ እንጠብቅ?

ሐኪሙ፦ አትጠብቁ። ምላሼ እዚህ ላይ ጠንከር ቢል ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ወጣቱን የሚጎዳው በሽታው ብቻ ሳይሆን «ለካንሰር ገና ልጅ ነው» የሚለው ግምትም ነውና። ቲቢ በብዛት ባለበት አገር፣ የሚያስል ወጣት ሲመጣ አስቀድሞ ቲቢን ማሰብ ትክክል ነው፤ ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው ሁሉ ለቲቢ መመርመር አለበት። ችግሩ የሚመጣው መድኃኒቱ ሳይሠራ ሲቀርና ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ ምርመራውን ሳይጠራጠር ሲቀር ነው። የቲቢ መድኃኒት የሚሠራ ከሆነ በሁለት ወር ውስጥ ሳሉ መቀነስ፣ የምግብ ፍላጎት መመለስ፣ ክብደትም መጨመር ይጀምራል። በአራት ወር ምንም ለውጥ ካልታየ፣ ወይ መድኃኒቱን የተለማመደ ቲቢ ነው፣ ወይ ደግሞ ከመነሻው ቲቢ አይደለም። የትከሻ ሕመምና የድምፅ መጎርነን ደግሞ ዕጢ በደረት ውስጥ ያሉ ነርቮችን ሲጫን የሚመጡ ምልክቶች ናቸው። ካንሰር ነው እያልኩ አይደለም፤ ሳይረጋገጥ መቆየት የለበትም እያልኩ ነው።

መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። ነገ ሕክምናውን ወደጀመረበት ጤና ጣቢያ ሂዱና አክታው ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ እንዲመረመር፣ ራጁም እንዲደገም ጠይቁ። በሁለቱ ራጆች ላይ የሚታየው ነገር ካልቀነሰ ወይም ካደገ፣ ሲቲ ስካን ወደሚነሣበትና ከዕጢው ናሙና ወደሚወሰድበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍለት ያስፈልጋል፤ ካንሰር መሆኑንና ዓይነቱን የሚለየው ናሙናው ነው፣ ራጅ ብቻውን አይበቃም። አክታው ላይ ደም ከታየ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ፊቱና አንገቱ ካበጠ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። ስትሄዱም የመጀመሪያውን ራጅ ፊልም፣ የአክታውን ውጤትና የመድኃኒት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ አሮጌውን ፊልም ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ማየት ካልቻለ፣ ወንድምህ ምርመራውን ከዜሮ ይጀምራል።