የቀኝ ፓራፋንጎ

እንደምን ሰነበታችሁ? የምቀርጸው አዳማ፣ ከአንድ ጋራዥ በር ላይ ተቀምጬ ስለሆነ ከኋላዬ የመዶሻ ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ። የምትቀጠቀጠው የአባቴ ቮልስ ናት።

ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ቆሜ መንገድ ስጠብቅ፣ አንድ ባጃጅ ከጎን መጥቶ የግራውን የፊት ፓራፋንጎ፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ቆርቆሮ፣ ከነመብራቱ ጨፈለቀው። ስለ ትራፊክ ፖሊሱ ፕላንና ስለ ኢንሹራንሱ ምልልስ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር ያለው የቤንዚን ማጠራቀሚያ ነው። ስለዚህ እንደ ወረድኩ መጀመሪያ ያደረግሁት ማሽተት ነበር። ቤንዚን አልሸተተኝም። መናደድ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህች መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዓለምን ላጥለቀለቀ መኪና ዕቃ አይጠፋም የሚል ሰው አዳማ ውስጥ ፓራፋንጎ ፈልጎ አያውቅም። አንድ ደላላ የፋይበር አቀረበልኝ፤ ዋጋውን ሰምቼ ሳቅሁ።

ባትላሜራው፣ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጩ፣ አዛውንት ናቸው። ዳሰስ አደረጉትና «ልጄ፣ ይህ ብረት ይመለሳል፤ ገንዘብሽን አታባክኚ» አሉኝ። የቮልስ ፓራፋንጎ የሚታሰረው በብሎን ስለሆነ ፈትተው መሬት ላይ አጋደሙት። ከውስጥ ብረት ደግፈው፣ ከውጭ በትንሽ መዶሻ ከዳር ወደ መሃል ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ብረት ሲቀጠቀጥ ይለጠጣል፤ የተለጠጠውን በእሳት አቅልተው መታ መታ ያደርጉና በእርጥብ ጨርቅ ሲያቀዘቅዙት ይሰበሰባል። ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ ኮፈን፣ ስቱኮ (የጎደጎደ ብረት የሚሞላበት ልስን)... ጣሊያን ሲወጣ ቋንቋውን ጋራዥ ውስጥ ረስቶት የሄደ ይመስለኛል።

ከዚያ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ከኪሳቸው አውጥተው መኪናዋን ይዞሯት ጀመር። ማግኔቱ በሩ ላይ ልጥፍ አለ። ኮፈኑም ላይ እንዲሁ። ያልተነካው የቀኝ ፓራፋንጎ ላይ ሲደርሱ ማግኔቱ ወደቀ።

«እዚህ ጣት የሚያህል ስቱኮ አለ። ከዚህ በፊት ተገጭታለች።»

አባቴ በሕይወት ሳለ «ይህች መኪና ጭረት አታውቅም» ሲል ነው ያደግሁት። እዚያው ቆሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። ዝም አለች፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «መንዳት ልማር ብዬ የግቢውን በር ገጨሁት። አባትሽ በማግስቱ አዲስ አበባ ወስዶ አሠርቷት መጣ። ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ።»

«መንጃ ፈቃዱስ?»

«የምን መንጃ ፈቃድ! ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ነክቼ አላውቅም።»

ሳምንቱን በሙሉ ይህንን ሳመነዥክ ነው የከረምኩት። አባቴ የሸፈነው የእናቴን ስም ነው ወይስ የመኪናዋን? ደግሞስ ለምን ሁለተኛ አላስነዳትም? መልሱን የሚያውቀው እሱ ነበር።

ባትላሜራው የቀኙም መከፈት አለበት ይላሉ፤ ወፍራም ስቱኮ በአዳማ ፀሐይና በመንገዱ ንዝረት ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ሥር ሥሩን ዝገት ይበላዋል። ይከፈት አልኳቸው፤ ግን ለቅዳሜ እንዲያቆዩልኝ ለመንኳቸው። እማዬ «እኔ ያጎበጥኩትን ሳላይ እንዳያቃናው» ብላለች።