በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ
(በጅማ ከተማ፣ በክረምቱ የታዳጊዎች እግር ኳስ ውድድር ዋዜማ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሰፈራችን ሽማግሌዎች፣ አሠልጣኞች፣ ነገ ሜዳ የምትገቡ ልጆቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

የነገውን ጎል የሠራሁት እኔ ነኝ። ቋሚዎቹንም አግዳሚዎቹንም ጠርቤ፣ ልጌ፣ ቀለም ቀብቼ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አስተክያለሁ። አናጢ መሆኔን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ በርጩማ፣ ወንበርና በር እየሠራሁ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። አባቴም አናጢ ነበር። እርጥብ እንጨት እንዳልነካ ይከለክለኝ ነበር። ዋንዛው ተሰንጥቆ ጥላ ሥር ወራት ይቀመጣል፤ ደንበኛ ቢቆጣም፣ ገንዘብ ቢያጥረንም ይቀመጣል። ሳይደርቅ የተሠራ በርጩማ ገበያ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ገዢው ቤት ሲደርስ ይጣመማል።

ወጣቶች ወግ አጥባቂ ይሉኛል። ነኝ። ከአባቶቼ የተረከብሁትን ነገር ለምን እንደተሠራ ሳልረዳ መጣል አልወድም። ዛሬ ከተረከብናቸው ነገሮች ስለ አንዱ ልናገር፤ እሱም ጨዋታን በጨዋታነቱ የመጠበቅ ወጋችን ነው።

አያቶቻችን በገና ዕለት ሜዳ ወጥተው ሩር ሲለጉ ባላባቱም አሽከሩም እኩል ዱላ ይዘው ይገቡ ነበር። አሽከሩ ጌታውን ይቀድማል፣ ይጥላል፣ በዘፈን ይሰድባል። ጌታው ደግሞ ይችላል። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የተባለው ለዚህ ነው። ልብ በሉ፤ ያ ዘመን የእኩልነት ዘመን አልነበረም። ነገር ግን ሰው ሁሉ፣ ባለሥልጣኑም ጭምር፣ ሥልጣኑን ከመስመሩ ውጭ ጥሎ የሚገባበት አንድ ቦታ እንዲኖር ተስማምተው ነበር። እኔ የምሟገተው ለዚያ ቦታ ነው።

በሐምሌ 1972 ዓ.ም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። በእኛ በኩል ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነበር፤ ዝናቡ ቢወርድም ልጅ አዋቂው ደጃፉ ላይ ተሰበሰበ። ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ ከቀናት በኋላ በ5,000 ሜትር ደገመው። ማርሽ ቀያሪው! ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ ከፋውም ዳውሮውም ጉራጌውም እዚያ ደጃፍ ላይ ነበር። ምሩፅ ከአዲግራት የመጣ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በዚያ ቀን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ግን የምሩፅን ታሪክ ሙሉውን ስሙ። ከዚያ አራት ዓመት በፊት፣ በ1968 ዓ.ም፣ ጉልበቱ በሞላበት ጊዜ ሞንትሪያል ላይ መሮጥ ነበረበት። አልሮጠም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ኦሊምፒኩን ጥለው ወጡ፤ የእኛም አንዷ ነበረች። ይህ ቢያንስ የሚገባ ምክንያት አለው። የ1976ቱ ሎስ አንጀለስስ? የ1981ዱ ሴኡልስ? ከሎስ አንጀለሱ የቀረነው መንግሥታችን ከምሥራቁ ጎራ ጋር ስለቆመ፣ ከሴኡሉ ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስለቆመ ነው። ከሞስኮ እስከ ባርሴሎና አሥራ ሁለት ዓመት! የአንድ ሯጭ ሙሉ የጉብዝና ዘመን ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ጧት በብርድ ተነሥተው ሲሮጡ የነበሩ፣ ስማቸውን ዛሬ ማንም የማያውቃቸው ልጆች ነበሩ። የእነሱን ሜዳሊያ ሌላ አገር አልቀማብንም፤ የገዛ ስብሰባ አዳራሻችን ነው የቀማቸው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እዚህ ላይ "የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማስ? እሳቸውም እኮ ፖለቲካ ሠርተዋል" የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1949 ዓ.ም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ስላለች ከውድድሩ ቀረች። አቶ ይድነቃቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን አቋም አልለቀቁም። እኔ ግን ያንን የገና ጨዋታ ሕግ ማስከበር እለዋለሁ። ወንድሙን በቀለሙ ምክንያት ከሜዳ ያስወጣ ሰው ራሱ ሜዳ አይግባ ማለት ነው። በሩ ሲከፈት ምን እንደሆነ ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ አይተናል። የበቆጂዋ ልጅ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትሩን አሸንፋ ቆመች፤ ሁለተኛ የወጣችውን ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠበቀቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። የ20 ዓመት ልጅ ነበረች። ማንም ንግግር አልጻፈላትም።

ወደ ጅማ ልመለስ።

ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር ስሙን የወሰደው ከዳግማዊ አባ ጅፋር ነው፤ ከአፄ ምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ ግብር ለመክፈል ተስማምተው አገራቸውን ከዘረፋ ያተረፉ ንጉሥ ናቸው። ይህ ክለብ በ2010 ዓ.ም ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ በላ። በመጀመሪያው ዓመት! መርካቶ ሱቁን ዘግቶ ሲጨፍር፣ ሄርማታ በመኪና ጥሩንባ ስትናወጥ እኔም መጋዜን ጥዬ ወጥቻለሁ። የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ደግሞ በማግሥቱ ዓመት መቐለ 70 እንደርታን ይዞ ሌላ ዋንጫ አነሣ። ጅማ ያጨበጨበለትን ሰው መቐለ አጨበጨበለት። ከዚያ ጦርነት መጣና የትግራይ ክለቦች ለዓመታት ከሊጉ ጠፉ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሳስባቸው እንቅልፍ ይነሣኛል።

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ምልክቱን ስታዲየም ውስጥ አይተነው ነበር። ክለብ ወደ ሌላ ክልል አልሄድም ማለት ጀመረ፤ ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ ይሁን ተባለ። በራሱ አገር ገለልተኛ ሜዳ! በዚያን ጊዜ ነው ትንሹን ልጄን ይዤ በሌላ ከተማ ጨዋታ ያየሁት። አጠገባችን የተቀመጡ ሰዎች አንዱን ተጫዋች ይሰድቡት ጀመር። ኳስ ቢያበላሽ ኖሮ ይሁን፤ ስድቡ የወላጆቹን ዘር ነበር። ልጄ ቀና ብሎ "አባዬ፣ ምን አጠፋ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እረፍት ሳይወጡ እጁን ይዤ ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚጸጽተኝ ግን መውጣቴ አይደለም። ከመውጣቴ በፊት ዞሬ "ተዉ" አለማለቴ ነው። አባቴ ቢሆን ይል ነበር።

በአባቴ ዘመን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ አንዱ "በሕግ አምላክ!" ካለ ሌላው ይቆማል። እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባል ነበር። አላፊ አግዳሚው ዳኛ ይሆናቸዋል። በቋንቋችን የችሎቱም የሜዳውም ዳኛ አንድ ስም ነው ያለው፤ ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ዛሬ ዳኛ ፊሽካ ሲነፋ አሥር ሰው የሚከብበው፣ ምርጫ የተሸነፈ ወገን የሚያኮርፈው፣ ያሸነፈም ዳግመኛ ላለመሸነፍ ሜዳውን የሚያጥረው በአንድ በሽታ ነው። የተሸነፈ ቡድን እጅ ጨብጦ ይወጣል፤ ሰኞ ልምምድ ይጀምራል። ይህን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይችለዋል። ፖለቲከኞቻችን ነገ መጥተው ቢያዩ ደስ ይለኛል፤ ግን እንደ ማንኛውም ተመልካች ከገመዱ ውጭ ይቁሙ፤ ማይክ አንሰጥም።

ከመጡ ግን አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። የመሠረት ድንጋይ ማስቀመጥ እንወዳለን። ድንጋዩ ይቀመጣል፣ ሪባኑ ይቆረጣል፣ ሣር ይበቅልበታል። ብሔራዊ ቡድናችን በአገር ውስጥ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አጥቶ የ"ሜዳው"ን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ዓመታት አሳልፏል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን በገዛ ከተማችን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣን ሰዎች! አዲስ ከመጀመር በፊት ያለውን መጠገን፣ የተጀመረውን መጨረስ ይቅደም። የሰፈር ሜዳም እንዲሁ ነው። እኛ የጨርቅ ኳስ የተጫወትንባቸው ሜዳዎች ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። የቀረችን ይህች አንዲት ሜዳ ናት፤ ካርታዋ ይውጣላት።

ለወላጆች ስለ ቤቲንግ ልናገር፤ ከቤቴ ነው የምጀምረው። ትልቁ ልጄ የትምህርት ክፍያውን ለቤቲንግ ቤት አስረከበ። ሦስት ወር ሙሉ ትምህርት ቤት የሚሄድ መስሎኝ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ መረቅሁት። ያወቅሁት ከሰው ነው። አልመታሁትም። ሱቄ አስገባሁትና የከሰረውን በመላጊያ ሠርቶ መለሰ፤ ዛሬ ከእኔ የተሻለ ወንበር ይሠራል። ከሁሉም የከፋው ግን ኳስ ማየት እንዳስጠላው ሲነግረኝ ነበር። ትኬት ከቆረጠበት ጊዜ ጀምሮ አንድም ጨዋታ በደስታ አላየም፤ የሚያየው ቁጥሩን ነበር። ለልጃችሁ የዲኤስቲቪ ቤት መግቢያ ስትሰጡት አብራችሁት ሂዱ፤ አጠገቡ ተቀመጡ። አርሴናልንም ማንቸስተርንም ማወቅ ግዴታ የለባችሁም።

አሁን ለእናንተ ለልጆቹ። ነገ ከመካከላችሁ ግማሾቻችሁ ተጠባባቂ ትሆናላችሁ፤ ይከፋችኋል። ታምራት ቶላ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ተጠራ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም ያንን ዳገት የበዛበት ጎዳና በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ሲጠሩት ዝግጁ ነበር፤ ማንም ሳያየው ሲሮጥ ነበራ። እሱ ጥላ ሥር ሲደርቅ የከረመ እንጨት ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ዝናብ ከዘነበ ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን፤ ከዚያ በጭቃውም ቢሆን ይጀመራል። እናቶች ጀበናቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ አቦሉ ለዳኞቹ ነው። አባቶች ከጎሉ ጀርባ ባትቆሙ፣ ልጆቻችሁንም ከዳር ሆናችሁ ባታሠለጥኑ እወዳለሁ። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ እስከ ጠዋት ድረስ ቋሚውን ማንም አይንካብኝ።