«ደበረኝ» ሲሉን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ልጄ ላወራችሁ ነው። 12 ዓመቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት መጣ። ቦርሳውን ወርውሮ ክፍሉ ገባ፤ በሩን ድርግም።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ደበረኝ፣ በቃ!»

ይቺ «ደበረኝ» የምትባል ቃል ስንቱን ትሸከማለች! ቢያዝንም ደበረኝ ነው። ቢቀናም፣ ቢያፍርም፣ ቢፈራም ያው ደበረኝ ነው። ድሮ የሚደብቀኝ ይመስለኝና እበሳጭ ነበር። አሁን ግን ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ምን እንደተሰማው ለይቶ አያውቀውም እላለሁ።

በዚህ ዕድሜ ስሜት ቶሎ ይግላል። «ቆይ፣ ረጋ በል» የሚለው ከግንባር በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። ታዲያ ገና ያልበሰለውን ነገር «አምጣ!» ብዬ ብጮህ ምን ይጠቅመኛል?

እ.ኤ.አ. በ2007 ማቲው ሊበርማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት አይተው የስሜቱን ስም ሲመርጡ፣ እንደ ፍርሃት ላሉ ስሜቶች ቶሎ የሚነቃው፣ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ቀነስ ይላል። የተጠኑት አዋቂዎች ናቸው። እኔ ግን ልጄ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አልጠየቅኩትም። የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ያደርጋል። ብዙ ቆይቶ ተናገረ። ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ሲያነብ ድምፁ ተሰነጠቀበት፤ ልጆቹ ሳቁበት። «ይሄ ምን ችግር አለው? ሁሉም ያልፍበታል» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንኳን ዋጥኩት! እሱ እኮ ዛሬ ነው የተሳቀበት።

«ተናደህ ነው ወይስ አፍረህ?» አልኩት።

«... አፍሬ።»

ዚፑን ለቀቀው። ከዚያ ወሬው ራሱ መጣ።

ሁሌ እንዲህ አይሆንም። አንዳንዴ እንቅልፍ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በዚያ ሰዓት ወሬ መክፈት ማባባስ ነው። ኀዘኑ ለሳምንታት ካልለቀቀው፣ ወይም ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ደግሞ የእናት ጆሮ ብቻውን አይበቃም። ሳይውል ሳያድር ባለሙያ ጋ መሄድ ነው።

ትናንት ከትምህርት ቤት መጥቶ «እማ፣ ደበረኝ» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ማለት... ቀናሁ መሰለኝ» አለኝ። በማን እንደሆነ ገና አልነገረኝም። እየጠበቅኩ ነው።