«ውሃ ብጠጣ እንኳ እወፍራለሁ»

ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ ስለ ውሃና ስለ ምግብ ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ግማሹን ጥያቄ በአየር ላይ መለስኩ፤ ግማሹን ሰዓት በላው። እዚህ ሁለቱንም ደባልቄ ጽፌዋለሁ። ጠያቂዎቹን በስም ሳይሆን በከተማቸው ነው የማነሳቸው።

ከደሴ የደወሉ እናት፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እኔ የምበላው ከሁለትና ሦስት ጉርሻ አይዘልም። ግን ውሃ ብጠጣ እንኳ እወፍራለሁ። ውሃ ራሱ ካሎሪ አለው እንዴ?»

ጤና ይስጥልኝ እናቴ። መጀመሪያ ነገር ዶክተር አይደለሁም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ ውሃ ካሎሪ የለውም። የቧንቧውም፣ የምንጩም፣ የታሸገውም ያው ዜሮ ነው።

ካሎሪ ማለት ከምግብ የምናገኘው ጉልበት መለኪያ ነው። ጉልበት የሚሰጡን ዋናዎቹ አራት ናቸው። ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን በግራም 4 ካሎሪ፣ አልኮል 7፣ ቅባት ደግሞ 9 ይሰጣሉ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከአራቱ አንዱም የለም።

ለምን የለም ለሚል ደግሞ እንዲህ ያስቡት። እንጨት ይነዳል፣ አመድ ግን ተመልሶ አይነድም። ሃይድሮጅን የሚባለው ጋዝ ከኦክስጅን ጋር ሲቃጠል የሚቀረው ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃ ነዶ ያለቀለት ነገር ነው፤ የሃይድሮጅን አመድ በሉት። ሰውነታችን ከአመድ እሳት አያወጣም።

እንዲያውም ካሎሪ የሚለካው በውሃ ነው። አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቅ ጉልበት፣ እኛ በምግብ ቋንቋ «አንድ ካሎሪ» የምንለው እሱ ነው። አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምግቦችን ጉልበት ሲመረምር ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዱ ይሄው ነበር። ምግቡ በተዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ ይቃጠላል፤ በዙሪያው ያለው ውሃ ምን ያህል እንደሞቀ ይታያል። ውሃ ቁናው ነው እንጂ እህሉ አይደለም።

ታዲያ ሚዛኑ ለምን ይጨምራል? ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥተው ሚዛን ላይ ቢወጡ ግማሽ ኪሎ ይጨምራሉ። ያ ክብደት ነው፣ ስብ አይደለም፤ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ ይወርዳል። ጨው የበዛበት ራት ከበሉም ሰውነት ውሃ ይዞ ያድራል። እግርዎ የሚያብጥ፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ግን የአመጋገብ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ይሂዱና ይታዩ።

በአየር ላይ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ሻይ በቀን ስንት ብርጭቆ ይጠጣሉ?» «አምስት» አሉኝ። «ስኳሩስ?» ትንሽ ዝም አሉ። «ሦስት ሦስት ማንኪያ... ግን ትንሿ ማንኪያ ናት!» አንዷ ትንሽ ማንኪያ ከ16 እስከ 20 ካሎሪ አላት። አሥራ አምስቱ ሲደመሩ ከ240 እስከ 300 ይሆናሉ። ውሃው አልበደለም፤ አብሮት የገባው ነው። እትዬ ሳቁ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ተቆጥተው ከሆነ ይቅርታ።

ከአዲስ አበባ፣ ወጣት፦ «የቀዘቀዘ ውሃ ስጠጣ ሰውነቴ ለማሞቅ ካሎሪ ያቃጥላል ይባላል። እውነት ነው?»

ከላይ ያለውን መለኪያ ይዘን እናስላው። አንድ ሊትር ውሃ ከፍሪጅ በ5 ዲግሪ ወጣ። ሰውነትህ 37 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ 32፣ ስለዚህ ቢበዛ 32 ካሎሪ። ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር መሆኑ ነው። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን በዚህ ቦርጭ አጠፋለሁ ማለት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። በምትኩ የምትጠጣውን ለስላሳ በውሃ ብትተካ ይሻልሃል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮካ ኮላ ከ120 ካሎሪ በላይ አለው።

ከሐዋሳ፦ «ጠዋት በባዶ ሆዴ ሞቅ ያለ ውሃ በሎሚና በማር እጠጣለሁ። ስብ ያቀልጣል ብለውኝ ነው። ሦስት ወር ሆነኝ፣ ቦርጬ ግን አለ።»

ይሄ ጥያቄ ባይመጣ ነበር የሚገርመኝ። «ያቀልጣል» የምትለዋ ቃል ናት ችግሩ። ድስት ላይ የረጋ ቅቤ አይተን ሆዳችንም እንደዚያ ይመስለናል። ሰውነታችን ግን 37 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ሙቀት ላይ የሰው ስብ መጀመሪያውኑ የቀለጠ ነው። የሚቀልጥ ሳይሆን የሚቃጠል ነገር ነው ያለን።

ሲቃጠልስ የት ይሄዳል? እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ቢኤምጄ ላይ የወጣ አንድ ስሌት ደስ ይለኛል። አሥር ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል። የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። አዎ፣ ቦርጭ ሲጠፋ ውሃ ይሆናል እንጂ ውሃ ቦርጭን አያጠፋም።

ሎሚው አይጎዳዎትም። ብቻ አሲድ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ ጥርስዎን አያስቸግሩት። ማሩ ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ከሆነ 60 ካሎሪ ያልፋል። ለማክሳት ብለው ቀንዎን በ60 ካሎሪ ይጀምራሉ ማለት ነው።

ማር ካነሳን አይቀር ከጅማ የመጣውን ጥያቄ እዚሁ ልመልሰው። «ማር ከስኳር ይሻላል፣ አያወፍርም ይባላል።» ማር ውስጥ ከመቶ 17 ወይም 18 እጁ ውሃ ነው። ስለዚህ መቶ ግራም ማር 300 ካሎሪ አካባቢ ሲሆን፣ መቶ ግራም ስኳር ወደ 390 ይጠጋል። እስካሁን ማር አሸነፈ። ግን ማንም ሰው ማርን በግራም አይጨምርም፤ በማንኪያ ነው። ማር ከስኳር ይከብዳል። በሾርባ ማንኪያ ሲለካ ማሩ 64፣ ስኳሩ 49 ካሎሪ ገደማ ነው። ለጣዕሙ ይብሉት። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን «ተፈጥሮ ነው» ብሎ አይዘናጋ፤ ማርም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ በፍጹም አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተህዋስ በጨቅላ አንጀት ውስጥ አደገኛ መርዝ ያመነጫል።

ከድሬዳዋ የደወሉ አያት፦ «እዚህ ሙቀቱ አይቻልም ልጄ። የልጅ ልጄ ሁለት ወሯ ነው። ይጠማታል ብዬ በማንኪያ ውሃ ልሰጣት ስል እናቷ ትቆጣኛለች። እኛ ስንቱን ልጅ በአብሽ ውሃና በቅቤ አሳደግን!»

እማማ፣ እናቷ ልክ ናት። ያሳደጓቸው ልጆች ይባረኩ። ግን በዚያን ጊዜ ተቅማጥ ስንቱን እንደወሰደም እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

የውሃን ካሎሪ ጥያቄ ከዚህ በላይ ቁም ነገር የሚያደርገው ቦታ የለም። እኔና እርስዎ ውሃ ዜሮ መሆኑ ይጠቅመናል። ለሁለት ወር ሕፃን ግን ጉዳቱ እዚያው ላይ ነው። ሆዷ ትንሽ ነው። በውሃ ሲሞላ ትጠግባለች፣ ጡት አትጠባም፣ ያገኘችው ጉልበት ግን ዜሮ ነው። ጡቱም ካልተጠባ ወተቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጥ አለ። ንጹሕ ቢሆንም ኩላሊቷ ገና ስለሆነ ውሃ ሲበዛባት በደሟ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ያ ደግሞ እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል።

ጥሟስ? የእናት ጡት ወተት ከመቶ 87 ወይም 88 እጁ ውሃ ነው። ጥሙንም ረሃቡንም አንድ ላይ ያስታግሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም አይጨመር የሚለው ለዚህ ነው፤ ለቆላም ጭምር። ሲሞቅ ቶሎ ቶሎ ትጥባ። ቅቤ ማስዋጡና እንገሩን አልቦ መድፋቱም ይቅር። እንገር የመጀመሪያ ክትባቷ ነው ማለት ይቻላል።

እርስዎ ማንኪያውን ያስቀምጡና ትልቁን ብርጭቆ ውሃ ለእናቷ ያቅርቡላት። ስድስት ወር ሲሞላት ደግሞ ሥራ ይጠብቅዎታል። አጥሚቱን አያቅጥኑባት። ቀጭን አጥሚት አብዛኛው ውሃ ነው። ማንኪያው ሲዘነበል የማይፈስ፣ ወፈር ያለ ይሁን።

ከሪያድ፣ በቤት ሥራ ላይ ያለች እህት፦ «በቀን ስምንት ብርጭቆ ውሃ ግዴታ ነው? እኔ አልችልም፣ ያቅለሸልሸኛል።»

ግዴታ አይደለም እህቴ። ወሬው ከየት እንደመጣ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣ የአሜሪካ የምግብ ቦርድ ምክር ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 2.5 ሊትር ውሃ ይላል። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ አብዛኛው በምግብ ውስጥ ይገኛል ይላል። ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ጣለው። እንጀራን እንኳ ብትወስጂ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። ወጡ፣ ሻዩ፣ ፍራፍሬው ሁሉ ይቆጠራል።

ግን አንቺ ሪያድ ነሽ። በጋው ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አንቺ ደግሞ ምድጃ ሥር ነሽ። ቁጥሩን ትተሽ ሽንትሽን እዪ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነሽ። ከደመቀና ካነሰ ጨምሪ። በአንዴ ሊትር አትገልብጪ፣ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ጠጪ፤ ማቅለሽለሹም ይቀንሳል። ብዙ ላብሽ ከወረደ ምግብሽ ላይ ጨው መኖሩን አትርሺ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ልኩን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ «ጾም ከገባ ወዲህ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንዴት ነው ነገሩ?»

ዘይት አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ለጋ ቅቤ በማንኪያ ወደ 100 ይጠጋል፣ ምክንያቱም ውሃ አለበት። ሲነጠር ያ ውሃ ተኖ ስለሚሄድ ከዘይት ጋር እኩል ለመሆን ምንም አይቀረው። ዘይት «የጾም» ስለሆነ ቀላል የሚመስለን ነገር አለ። ሽሮው ላይ የሚንሳፈፈውን፣ ሳምቡሳውን፣ የተጠበሰውን ድንች ደምሩት። ሽሮና ምስር በራሳቸው ግሩም ምግቦች ናቸው። ዘይቱን ከጠርሙስ አትቅዱ፣ በማንኪያ ለኩት።

ከባሕር ዳር፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር፦ «ደም ማነስ አለብሽ ተባልኩ። ጎረቤቶቼ የቀይ ሥር ጁስ ጠጪ፣ የቀይ ጤፍ እንጀራ ብዪ ይሉኛል።»

ቀይ ነገር ሁሉ ደም አይሆንም። የቀይ ሥር ቅላት የተክሉ ቀለም ነው። መቶ ግራሙ አንድ ሚሊ ግራም እንኳ ብረት አይሞላም። ነፍሰ ጡር በቀን 27 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። ጤፍ ብረት አለው፣ ሊጡ መቡካቱም ብረቱ ቶሎ እንዲወሰድ ይረዳል። ነገር ግን ስለ ጤፍ ብረት ከሚነገሩት ትላልቅ ቁጥሮች የተወሰነው የአውድማ አፈር ነው። በበሬ እግር ሲበራየት አብሮ የገባ። ጤፉ ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ ይወርዳል።

ጤና ጣቢያ የሰጡሽን የብረት እንክብል አታቋርጪ፤ ጁሱ አይተካውም። ምስር ብዪ፣ ላዩ ላይ ሎሚ ጭመቂ። ቦርጭ ላይ ያፈረው ሎሚ እዚህ ጋ ሥራ አለው፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ በደንብ እንዲገባ ያደርጋል። ቡናና ሻዩን ግን ከምግቡ አንድ ሰዓት አርቂው፤ ብረቱን ይይዙብሻል። «ከምሳ በኋላ ቡና ሳልጠጣ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አንድ ሰዓት ብቻ።

ከባቱ (ዝዋይ)፦ «የአካባቢያችን ውሃ ጥርስ ያበልዛል። አፍልተን ብንጠጣው ይለቃል?»

አይለቅም፣ እንዲያውም ይብሳል። ጥርሱን የሚያበልዘው ፍሎራይድ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ምክንያት በከርሰ ምድር ውሃችን ውስጥ ይበዛል። ማፍላት ጀርም ይገድላል። ፍሎራይድ ግን አይተንም፤ ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጥርሳቸው ገና እየተሠራ ላለ ልጆች፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፣ በንጽሕና የተያዘ የዝናብ ውሃ ወይም ፍሎራይዱ የተቀነሰ ውሃ ካለ ቅድሚያ ስጡ።

በአጭር መልእክት ከመጡት ሁለቱን ልጨምር።

«ጥሬ ሥጋ በአምቦ ውሃ ስበላ ስቡን ያቃጥልልኛል፣ ኮሶም አይዘኝም።» አምቦ ውሃ ማዕድንና ጋዝ ነው፤ ካሎሪም የለው፣ ስብም አያቃጥል። ያስገሳል፣ ሆድ የቀለለ ይመስላል። ሥጋው ውስጥ ያለውን የኮሶ እጭ አምቦም፣ አረቄም፣ ሚጥሚጣም አይገድለውም። እሳት ነው የሚገድለው።

«እርስዎ ራስዎ ምን ይጠጣሉ?» ቡና። ያለ ስኳር አንዱ ስኒ ሁለት ካሎሪ ገደማ ነው። እኔ ግን አቦሉን በአንድ ማንኪያ፣ ቶናውን በአንድ ማንኪያ ነው። በረካ ላይ ባለቤቴ ስኳሩን ታነሳብኛለች።