«ለ» እና «ወደ»፦ «ባያስ» ስለሚባለው ቃል

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። የዛሬው ዝግጅቴ የሚያተኩረው በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ብቻ ነው፤ እርሱም «ባያስ» ነው። ቃሉ በከተማ ንግግራችን ሳይተረጎም ገብቶ ተቀምጧል። የእግር ኳስ ዳኛው ባያስ ነው ይባላል፣ ጋዜጠኛው ባያስ ነው ይባላል፣ ወንድማማቾች ሲከራከሩ እንኳ «አንተ ባያስ ነህ» ይባባላሉ። እኔ በትርጉም ሥራ የምተዳደር ሰው ስሆን ቃሉን ለብዙ ዓመታት «አድልዎ» እያልኩ ስመልሰው ኖሬአለሁ። ስህተቴን ያስተዋልኩት አንድ ትልቅ ሰው በእኔ ትርጉም ምክንያት ሲያዝኑ ካየሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ ወደ አማርኛ መለስኩ። ጽሑፉ ሰው ሳያውቀው ስለሚሸከመው ባያስ የሚናገር ነበርና «ሁላችንም ሳናውቅ አድልዎ እንፈጽማለን» ብዬ ጻፍኩት። ሥልጠናው ሲሰጥ እኔም በአዳራሹ ነበርኩ። ዓረፍተ ነገሩ እንደተነበበ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው አንድ የክፍል ኃላፊ እጃቸውን አወጡና አሠልጣኟን «ልጄ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ሰው ስቀጥር የገዛ እህቴን ልጅ እንኳ ከሌላው አስበልጬ አላውቅም፤ አድልተሃል የሚለኝ ማን ነው?» አሏት። በድምፃቸው ውስጥ ከቁጣው ይልቅ ኀዘኑ ይሰማ ነበር። አሠልጣኟ ብዙ ልታስረዳ ሞከረች፤ ነገር ግን ቃሉ አንዴ ከወጣ በኋላ የቀረው ሰዓት በክስና በመከላከያ አለፈ።

እኚያ ሰው እውነት ነበራቸው። በአማርኛ አድልዎ በደል ነው፤ የፈጸመው ሰው አለ፣ የተጠቀመ አለ፣ የተበደለም አለ። እግዚአብሔር ለሰው ፊት አያዳላም የሚለውን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ ላደገ ሰው፣ አድልተሃል መባል ፍርድ አጣመሃል ከመባል አይለይም።

እንግሊዝኛው ቃል ግን የተወለደው በችሎት አካባቢ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን ከፈረንሳይኛ የገባ ሲሆን ያን ጊዜ የነበረው ትርጉም ሰያፍ፣ ዘመም ያለ መስመር የሚል ነበር። እንግሊዞች ወዲያው ለጨዋታ አዋሉት። «ቦውልስ» በሚባለው የሣር ሜዳ ጨዋታ ተጫዋቹ ትልቅ ኳስ እያንከባለለ ወደ አንዲት ትንሽ ኳስ ለማስጠጋት ይሞክራል፤ ትልቁ ኳስ ግን ሁለት ጎኑ እኩል ሆኖ አልተሠራም። በጥንት ጊዜ በአንዱ ጎን እርሳስ ይጨመርበት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ቅርጹ ራሱ ወደ አንድ ጎን እንዲያዘነብል ተደርጎ ይሠራል። ኳሱ በፍጥነት ሲሄድ ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲመጣ ግን በግልጽ መታጠፍ ይጀምራል። ይህ ማዘንበሉ ነው ባያስ የተባለው። እኔን ከሁሉ በላይ የመሰጠኝ የተጫዋቹ ነገር ነው። የሚያዘነብለው ጎን የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት በኳሱ ላይ አለ፤ ተጫዋቹ ያንን አይቶ ከዒላማው ፈንጠር አድርጎ ይለቀዋል፣ ኳሱም ዞሮ ካሰበለት ቦታ ይደርሳል። በኳሱ የሚቆጣ የለም።

ልብስ ሰፊዎችም በዚሁ ቃል ይጠቀማሉ። ጨርቅ በድርና በማግ የተሠራ ነውና በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ቢስቡት እምብዛም አይለጠጥም፤ በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ ሲስቡት ግን ክሩ ሳይለወጥ ጨርቁ ይሳባል፣ ገላንም ተከትሎ ይወርዳል። ፓሪስ ውስጥ የልብስ ንድፍ አውጪዋ ማድሌን ቪዮኔ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ስሟን ያስጠራችው ጨርቅን በዚህ ሰያፍ አቅጣጫ በመቁረጥ ነው።

በስታቲስቲክስ ትርጉሙ ይበልጥ ይጠራል። ሁለት ሚዛኖች አሉ እንበል። አንደኛው አንዴ ይጨምራል፣ አንዴ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ግን በመዘነ ቁጥር 50 ግራም ይጨምራል። ባያስ ያለበት ሁለተኛው ነው፤ ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነውና። ብዙ ጊዜ ደጋግሞ መመዘን የመጀመሪያውን ችግር ያቃልላል፣ ለሁለተኛው ግን ምንም አይፈይድም። ሚዛኑ ይህን የሚያደርገው ለሻጩ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ገዢው ግን መጎዳቱ አይቀርም።

አሞስ ትቨርስኪ እና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1974 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ቃሉን በሰው አእምሮ ላይ ያዋሉት በዚህ ስሜት ነው። ሰዎችን ሰብስበው በፊታቸው የዕጣ መንኮራኩር አሽከረከሩ፤ ከዚያ ከተባበሩት መንግሥታት አባላት መካከል ከመቶ ስንቱ የአፍሪካ አገሮች እንደሆኑ ጠየቋቸው። መንኮራኩሩ 10 ላይ የቆመላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሆነ፣ 65 ላይ የቆመላቸው ደግሞ 45። ቁጥሩ ከጥያቄው ጋር አንዳች ግንኙነት አልነበረውም። ከእነዚያ ሰዎች ማንም ለማንም አላደላም፤ ግምታቸው ግን ወዳዩት ቁጥር አደላ።

አሁን ያልኩትን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ለወራት ስፈልገው የኖርኩት መልስ እዚያ ውስጥ ነው። «ለ» ብለን አደላ ስንል ወቀሳ ነው፦ ዳኛው ለወንድሙ አደላ። «ወደ» ብለን ስንል ግን የነገሩን አዝማሚያ መግለጻችን ብቻ ነው፦ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ቀለም፣ ወደ ምሥራቅ የሚያደላ መንገድ። ግሱ ሁለቱንም ይሸከማል፤ «አድልዎ» የተባለው ስም ግን ከሁለቱ ወቀሳውን ብቻ ይዞ ቀርቷል። እኔ ስሙን ብቻ ይዤ ግሱን ረስቼ ነበር።

ይህን ስል አድልዎ የሚባል ነገር ሁሉ ይለዝብ ማለቴ አይደለም። አንድ ቀጣሪ የአመልካቹን ስም ወይም የትውልድ ቦታ አይቶ ማመልከቻውን ቢጥል ያ ዝንባሌ አይባልም፣ አድልዎ ነው፤ ለስላሳ ቃል ብንሰጠው የተበደለውን ሰው ዳግመኛ መበደል ይሆናል። ስለዚህ ተርጓሚው በእያንዳንዱ ቦታ ቆም ብሎ፣ እዚህ ላይ የሚናገረው ስለ ኳሱ ነው ወይስ ስለ ዳኛው ብሎ መጠየቅ አለበት።

የሥልጠናውን ጽሑፍ በራሴ ጊዜ እንደገና አረምኩት። ቃሉ በ14 ቦታ ነበረ። በ11ዱ «ሳናስተውል ወደ አንድ ወገን ማድላት» ወይም «ዝንባሌ» አልኩ፤ የቀሩት 3ቱ ስለ ቅጥርና ስለ ዕድገት ክልከላ የሚናገሩ ስለነበሩ አድልዎ እንዳሉ ተውኳቸው። የታረመውን ቅጂ ለእኚያ የክፍል ኃላፊ ወስጄ ሰጠኋቸው። እፊቴ አነበቡት፤ «ወደ አንድ ወገን ማድላት» ከሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አውጥተው ከሥሩ አሰመሩና «ይህስ በእኔም አለ» አሉኝ።